ከጉባኤው አዳራሽ እስከ ጋፋት፦ የጉባኤ ተሳታፊዎች በደብረ ታቦር ምን ይጎብኙ? እንዴትስ ይጎብኙ?

ጉባኤ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ጠዋት ጸሎት፣ ቀጥሎ ዝማሬና ስብከት፣ ከዚያ የሻይ ዕረፍት፣ ከሰዓት በኋላ ሪፖርትና ውይይት፣ ማታ ደግሞ እንደገና ዝማሬ ነው። ሦስትና አራት ቀን በአንድ ከተማ ቆይታችሁ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ግን ከተማዋ እንዴት እንደሆነች የጠየቃችሁ ሰው ቢኖር ከአዳራሹና ከማረፊያው በቀር የምትነግሩት ነገር አልነበራችሁም። እንዲህ የሆነው ሰነፎች ስለሆናችሁ አይደለም። በፕሮግራሙ ላይ ለከተማዋ ጊዜ ስላልተመደበላት ነው።

በሌላው ዓለም ትልልቅ ጉባኤዎች ሲዘጋጁ ግማሽ ቀን ወይም አንድ ሙሉ ቀን ለጉብኝት ይያዛል። አስጎብኚ ይመደባል፣ አውቶቡስ ይዘጋጃል፣ እንግዶቹም የተሰበሰቡባትን ከተማ አይተው ይሄዳሉ። በእኛም አገር ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ላሊበላ ይህን ልማድ ያውቁታል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ግን ብዙ ጊዜ አልፈናት ስለምንሄድ ከተማ ነው፤ ስለ ደብረ ታቦር። ለወንጌል አማኞች ከሌሎቹ ሁሉ በተለየ የሚመለከተን ታሪክ በዚያች ከተማ ዳር፣ ጋፋት በምትባል ኮረብታ ላይ ይገኛልና።

ጉብኝት ጊዜ ማባከን ነውን?

አንዳንድ ወገኖች «እኛ የመጣነው ለመንፈሳዊ ጉዳይ ነው፤ ጉብኝት ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ በትሕትና ሊመለስ ይገባዋል። በመዝሙር 48 ላይ መዝሙረኛው ሕዝቡን በጽዮን ዙሪያ እንዲመላለሱ፣ ግንቦቿን እንዲቆጥሩና ያዩትን ለሚመጣው ትውልድ እንዲነግሩ ይጋብዛል። በሐዋርያት ሥራ 17 ላይ ደግሞ ጳውሎስ በአቴና አፉን ከመክፈቱ በፊት ከተማዋን ተዘዋውሮ ተመልክቷል። በአርዮስፋጎስ ቆሞ ሲናገር ንግግሩን የጀመረው በመንገድ ካየው መሠዊያ ነበር። ከተማውን ያላየ ሰው ለከተማው ሰው የሚናገረው ቃል አየር ላይ ይቀራል።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2007 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በደቡብ ጎንደር ከመቶው ሰው ከ95 በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነው። በዚህ አካባቢ የሚሰበሰብ የወንጌል አማኞች ጉባኤ በጎረቤቶቹ ዘንድ እንግዳ ነው። የቤቱን ታሪክ ጠይቆ የሚሰማ እንግዳ ደግሞ ይከበራል።

ደብረ ታቦር ማን ናት?

ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር በወረታ በኩል ሲሄዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደጋ ከተማ ናት። ከጀርባዋ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይታያል። ስሟ ጌታ በደቀ መዛሙርቱ ፊት ከተለወጠበት ተራራ ጋር የተያያዘ ነው፤ በነሐሴ 13 የሚከበረውና ልጆች «ሆያ ሆዬ» የሚሉበት የቡሄ በዓልም ይህንኑ ያስታውሳል።

ጎንደር በነገሥታቷ ግንብ ስትታወቅ ደብረ ታቦር የምትታወቀው በዘመነ መሳፍንት የሥልጣን መቀመጫነቷ ነው። የየጁው ራስ ጉግሣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ መናገሻቸው አደረጓት፤ ከእርሳቸው በኋላም እስከ ራስ አሊ ዳግማዊ ድረስ የመኳንንቱ ከተማ ሆና ቆየች። በ1842 እ.ኤ.አ. የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ራስ አሊን እዚሁ ወጉ። ውቤ ድል ካደረጉ በኋላ ሠራዊታቸው በድል ግብዣ ላይ ሳለ የራስ አሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ያዟቸው። አሸናፊው በአንድ ቀን ምርኮኛ ሆነ። ይህ ታሪክ በአስጎብኚ አፍ በቦታው ላይ ሲነገር ከመጽሐፍ ይልቅ ይገባል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ ደብረ ታቦርን ዋና ሰፈራቸው አደረጓት። በ1867 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ ሲወጡ ግን ራሳቸው አቃጠሏት። ከእርሳቸው በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በአቅራቢያዋ ባለችው ሰመራ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ በ1879 እ.ኤ.አ. የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው እንግሊዛዊው ጎርደንም ያነጋገራቸው በደብረ ታቦር ነው። እንግዲህ ይህች ከተማ መናገሻ ሆና፣ ተቃጥላ፣ እንደገና ተነሥታለች።

ጋፋት፦ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው መጥተው መድፍ የሠሩት ሚስዮናውያን

አሁን ወደ ጋፋት እንውጣ። ጋፋት ከከተማዋ ብዙም አይርቅም። ትልቅ ሕንፃ ወይም ግንብ አትጠብቁ፤ በዓይን የሚታየው ጥቂት ነው። ለዚህም ነው ያለ አስጎብኚ የሄደ ሰው «ይህ ብቻ ነው?» ብሎ የሚመለሰው።

ታሪኩ የሚጀምረው በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና ነው። ስፒትለር የተባለ የእግዚአብሔር ሰው በ1840 እ.ኤ.አ. በዚያ የጀመረው ትምህርት ቤት የእጅ ሙያ ያላቸውን ወጣቶች ለወንጌል አገልግሎት ያሠለጥን ነበር። አናጢው፣ ብረት ሠሪውና ጫማ ሰፊው በእጁ ሥራ እየኖረ ወንጌልን ያገለግላል፤ ሐሳቡ ይህ ነበር። ስፒትለር ከኢየሩሳሌም እስከ ጎንደር በሐዋርያት ስም የሚጠሩ 12 የአገልግሎት ጣቢያዎች ያሉት «የሐዋርያት መንገድ» ለመዘርጋት ያልም ነበር።

በኢየሩሳሌም የነበሩት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ቀደም ሲል በ1830ዎቹ በጎንደርና በትግራይ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። በ1855 እ.ኤ.አ. ክራፕፍና ወጣቱ ማርቲን ፍላድ በእርሳቸው መልእክት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ቴዎድሮስንና አቡነ ሰላማን አነጋገሩ። የንጉሡ ፍላጎት ሰባኪ ሳይሆን ባለሙያ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን መጡ፤ በኋላም ቴዎፊል ቫልድማየርና ዛልሙለር ተጨመሩ። ይዘዋቸው ከመጡት ነገሮች አንዱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ይህ መጽሐፍ አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ ተቀምጦ የተረጎመው ሲሆን ሙሉው በ1840 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ስለዚህ የአማርኛው ቃል የመጣው ከባሕር ማዶ ሰዎች አእምሮ ሳይሆን ከኢትዮጵያዊ እጅ ነው፤ አስጎብኚያችሁ ይህን ካላነሣው እናንተ አንሡት።

ፍላድ በቤተ እስራኤል መካከል ለማገልገል ሄደ። ሌሎቹ ግን ጋፋት ላይ ሰፈሩ። በዚያ ወርክሾፕ አቆሙ፣ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ሙያ አስተማሩ፣ መንገድ ሠሩ፣ መሣሪያ ጠገኑ። ከዚያ ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩላቸው ጠየቋቸው። ሰዎቹ ይህን አናውቅም አሉ፤ ንጉሡ ግን አልተቀበሏቸውም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ደጋግመው ሞክረው በመጨረሻ ተሳካ። ከሠሯቸው ሁሉ ትልቁ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውና ቴዎድሮስ «ሴባስቶፖል» ብለው የሰየሙት መድፍ ነው።

በጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ. ይህ መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ መቅደላ ተጎተተ። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱ እየተቆፈረ፣ ቋጥኝ እየተፈነቀለ፣ ንጉሡ ራሳቸው እየሠሩ፣ በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት ገደልና ሸለቆ ተሻገረ። መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ወር ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲሰብር ቴዎድሮስ ሕይወታቸውን በእጃቸው አጠፉ። ሴባስቶፖል ያ ሁሉ ላብ ፈስሶበት ንጉሡን አላዳነም። ዛሬም በመቅደላ አለ፤ አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት አምሳያው ነው።

ሰዎቹስ ምን ሆኑ?

በዚህ ታሪክ ውስጥ እስራትም አለ። ከለንደን የመጣው ሚስዮናዊ ስተርን ስለ ንጉሡ በጻፈው ነገር ምክንያት በ1863 እ.ኤ.አ. ተገርፎ ታሰረ፤ የእንግሊዝ ቆንስላ ካሜሮንም በሚቀጥለው ዓመት ታሰረ። በ1866 እ.ኤ.አ. ፍላድ የንጉሡን መልእክት ይዞ ወደ እንግሊዝ ሲላክ ሚስቱና ልጆቹ መያዣ ሆነው ቀሩ። ፍላድ ለንደን ላይ ነጻ ሰው ነበር፤ ግን ተመልሶ መጣ። በዚያው ዓመት እስረኞቹ በጣና ዳር ባለችው ቆራጣ፣ በጋፋትና በደብረ ታቦር በኩል አልፈው ወደ መቅደላ ተወሰዱ።

ከነጻነታቸው በኋላ ሁሉም በየፊናው ሄደ። ቫልድማየር ያገባው የቴዎድሮስ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊው የጆን ቤልን ልጅ ነበር። ከባለቤቱ ጋር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት ጀመረ፤ በ1896 እ.ኤ.አ. ደግሞ አስፉሪያ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። በአንድ ወቅት መድፍ ያቀለጠ እጅ በእርጅናው ዘመን የአእምሮ ሕመምተኞች መጠጊያ ሠራ። በጋፋት ከነበሩት አንዱ የሆነው ሞሪትዝ ሆል ኢትዮጵያዊ ደም ያላት ሴት አግብቶ በያፋ ከተማ ኖረ፤ ታዋቂው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ከልጅ ልጆቹ ወገን ነው።

በኮረብታው ላይ የሚነሣው ጥያቄ

ወገኖች፣ ጋፋት ላይ ቆመን «የእኛ አባቶች እዚህ ነበሩ!» ብለን ፎቶ ተነሥተን ብንመለስ ጉብኝቱ ከንቱ ነው። ቦታው ከባድ ጥያቄ ያነሣብናልና። የሰላምን ወንጌል ይዘው የመጡ ሰዎች የጦር መሣሪያ ሠሩ። ተገደው ነውን? አዎን፣ እምቢ ለማለት የነበራቸው ዕድል ጠባብ ነበር። ከንጉሡ ጋር ተወዳጅተው፣ ተሸልመው፣ ተከብረው ነበርን? ይህም እውነት ነው። አገልግሎታቸውን ለመቀጠል ሲሉ አንድ ነገር ፈቀዱ፤ ያ አንድ ነገር ሌላውን አስከተለ፤ በመጨረሻ ስማቸው ከስብከታቸው ይልቅ በመድፋቸው ተጠራ።

ይህ የእኛም ጥያቄ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከባለሥልጣን ዘንድ ሞገስ ስታገኝ፣ መሬትና ፈቃድ ሲሰጣት፣ በምላሹ ምን ትሰጣለች? በጉባኤያችን አዳራሽ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ልንናገር እንችላለን። ጋፋት ላይ ግን ነገሩ የእውነተኛ ሰዎች ሕይወት ሆኖ ይታያል።

የራስን ታሪክ ከነጉድፉ ማሳየት የሚያሳፍር አይደለም። የተሐድሶ 500ኛ ዓመት በተከበረበት በ2017 እ.ኤ.አ. ከዓለም ዙሪያ ብዙ አማኞች የማርቲን ሉተርን ከተማ ዊተንበርግን ጎብኝተዋል። በዚያ ሉተር በሰበከበት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አይሁድን የሚያዋርድ የመካከለኛው ዘመን ቅርጽ አለ፤ ከሥሩም በ1988 እ.ኤ.አ. መታሰቢያ ተደርጓል። ጥሩ አስጎብኚ ይህን ሳያሳይ አያልፍም። እኛም በጋፋት እንዲሁ እናድርግ።

ጉብኝቱን እንዴት እናዘጋጅ?

የጉባኤ አዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ ካላችሁ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

1ኛ. ጉብኝቱን በጉባኤው መካከል አድርጉት። በመጨረሻው ቀን ከሆነ ሰው ሻንጣውንና መኪናውን ያስባል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከሆነ ግን ያዩት ነገር በማታው ውይይት ላይ ይነሣል።

2ኛ. አስጎብኚውን ከአካባቢው ያዙ። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ፤ በከተማው ያለው ዩኒቨርሲቲም የታሪክ መምህራን ይኖሩታል። ክፍያውን አስቀድማችሁ ተስማሙ። «ወንድማችን ነው፣ በነጻ ያስጎበኘናል» አይባልም፤ ሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል።

3ኛ. አስጎብኚው በጽሑፍ የተመዘገበውንና በአፈ ታሪክ የሚነገረውን እንዲለይላችሁ ጠይቁት። አፈ ታሪክም ዋጋ አለው፤ ግን አፈ ታሪክ ተብሎ ይነገር።

4ኛ. ሰው በዛ ብሎ በአንድ ላይ አይንጋጋ። ሁለት መቶ ሰው አንድ አስጎብኚ ከብቦ ቢቆም ከኋላ ያለው የሚሰማው ነገር የለም። ሃያ ሃያ ሆናችሁ ተከፈሉ፤ ለየቡድኑ ኃላፊ መድቡ።

5ኛ. ለአረጋውያንና ለሕመምተኞች አስቡ። ቦታው ደጋ ነው፤ ከቆላ የመጣ ሰው ቶሎ ይደክማል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ውኃ፣ ጋቢ ወይም ሹራብ፣ የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። በክረምት ወራት ጭቃው ይከብዳል፤ ከጥቅምት በኋላ ያለው ጊዜ ይመረጣል።

ጊዜ ካላችሁ ጠዋት ከተማዋንና ጋፋትን አይታችሁ ከሰዓት በኋላ በወረታ መንገድ ስትመለሱ አውራምባን መጎብኘት ትችላላችሁ። ይህ ማኅበረሰብ በ1972 እ.ኤ.አ. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተ ሲሆን ወንድና ሴት ሥራ የማይለዩበት፣ ሽመና የሚሠራበትና አረጋውያን የሚጦሩበት ነው። የእምነታቸው አመለካከት ከእኛ ይለያል። ሆኖም አረጋውያንን ስለ መጦር ከእነርሱ ስንማር ልናፍር አይገባም።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ

ደቡብ ጎንደር የኦርቶዶክስ ሊቃውንት አገር ነው። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ ደግሞ በዝማሬ መዋሥዕት ትምህርት ትታወቃለች። ተማሪዎች ከሩቅ አገር እየመጡ ለዓመታት በቃል ያጠናሉ። እነዚህንም ሆነ የከተማዋን አድባራት ስትጎበኙ ይህን ጠብቁ።

አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ በቅዳሴ ሰዓት አትሂዱ። ጫማ ማውለቅ ባለበት አውልቁ። እህቶች ነጠላ ይልበሱ። ካህኑን «አባ» ብላችሁ በአክብሮት አናግሩ። ያልተፈቀደ ፎቶ አታንሡ። መስቀል አልሳለምም የሚል ሰው በትሕትና እጅ ነሥቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ፊቱን አዙሮ መሳቅ ግን ነውር ነው። በግቢው ውስጥ ትራክት ማደልና ክርክር መክፈት ፈጽሞ አይገባም። በሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤቱን መውቀስ ወንጌልን አያስከብርም። በረቡዕና በዓርብ ወይም በአጽዋማት ከሆነ ደግሞ ምሳችሁን ስታዝዙ የአስጎብኚያችሁንና የሾፌራችሁን ጾም አስቡ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ከተማው ግን ያስታውሰዋል።

ከመነሣታችሁ በፊት

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ይህ አካባቢ በቅርብ ዓመታት ብዙ ተፈትኗል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ንፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የትጥቅ ግጭት ተነሥቷል። ስለዚህ ማንም ጉባኤ የአካባቢውን ወገኖችና የመንገዱን ሁኔታ ሳይጠይቅ አውቶቡስ አያስነሣ። ሰላም ባልሆነበት ጊዜ ጉብኝቱን ማዘግየት የእምነት ማነስ አይደለም፤ ለነፍስ ማሰብ ነው። በዚያ ያሉትን ነዋሪዎችም በጸሎት አስቡ፤ እነርሱ የሚኖሩበትን ስፍራ ነው እኛ ልናይ የምንመኘው።

መንገዱ ሲከፈትና ጉባኤው ሲጠራችሁ ግን ከተማዋን ሳታዩ አትመለሱ። ጋፋት ላይ ስትቆሙ ለጥቂት ደቂቃ ዝም በሉ። ከዚያ ማታ በማረፊያችሁ ተሰብስባችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ተወያዩ፦ እኛ ዛሬ በእጃችን የምንሠራው ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ በምን ስም ይጠራ ይሆን?

ጌታ መንገዳችሁን ያቅና።